ነጩ ሻጋታ ምን በልቶ ያድራል?

ሱፐርማርኬት ገብተው ካማምበር ወይም ብሪ የሚባለውን የፈረንሳይ ቺዝ አይተው ያውቃሉ? ላዩን የሸፈነው ነጭ ልባስ ሻጋታ ነው። አይደንግጡ፤ ሆን ተብሎ የተዘራ ነው። ስሙ ፔኒሲሊየም ካማምበርቲ ይባላል።

ይህ ሻጋታ እንደ እኛው ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ጉልበትና የሰውነት መገንቢያ። ቺዝ ሲሠራ ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ሻጋታው ይህን አሲድ በኦክስጅን እያቃጠለ ጉልበት ያገኛል። ላይ ላዩን የሚበቅለውም አየር ስለሚሻ ነው። ሮክፎር የሚባለው ባለ ሰማያዊ ሻጋታ ቺዝም በመርፌ የሚበሳው ውስጡ አየር እንዲያገኝ ነው።

ከዚሁ ጎን ለጎን ሻጋታው ፕሮቲኑን በኢንዛይሞቹ ወደ አሚኖ አሲድ ይቆራርጣል። ናይትሮጅኑን ለራሱ አካል መገንቢያ ይወስዳል፤ የተረፈውን በአሞኒያ መልክ ያስወጣል። ስቡንም ይሰባብራል፤ ልዩ ጣዕሙና ሽታው የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሲዱ ሲያልቅና አሞኒያው ሲጨምር ኮምጣጣነቱ ይጠፋል። መጀመሪያ 4.6 አካባቢ የነበረው ፒኤች ቅርፊቱ ላይ ወደ 7 ይጠጋል። ቺዙም ከውጭ ወደ ውስጥ እየለሰለሰ ይሄዳል።

ታዲያ ይህ ለእርስዎ ቤት ምን ይጠቅማል?

ሲገዙ መሐሉን በጣትዎ ጫን ያድርጉ። ጠንከር ካለ ገና አልበሰለም። ሲከፍቱት የአሞኒያ ሽታ አፍንጫ ከሰነፈጠ ጊዜው አልፎበታል።

ዋናው ግን ይህ ነው። ኮምጣጣነት ለምግብ ጥበቃ ነው፤ ሲጠፋ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ሊራባ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ወይም ቤትዎ አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ካሉ፣ እንዲህ ያለው ለስላሳ ቺዝ እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ ካልበሰለ ይቅር። ሊስቴሪያ እናቲቱን ብዙም ሳያሳምም ጽንሱን ሊጎዳ ይችላልና።

እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል እንወደዋለን። እርስዎ ግን ቃሉን ብቻ አይመኑ። መሶብ ውስጥ እንጀራው ላይ የወጣው ሻጋታም ተፈጥሯዊ ነው፤ ነገር ግን ማንም መርጦ አልዘራውም። አንዳንዱ መርዝ ያመነጫል፤ ክሩም ከሚታየው በላይ ጠልቆ ስለሚገባ ላዩን መቅረፍ አያድንም። ለልጆች ከመስጠትዎ በፊት አያመንቱ፤ ይጣሉት።