ስጦታው ለቡፌ ነው ወይስ ለእጅ?

ትምህርቱን ፈጽሞ ሥራ የያዘ ወጣት የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ከሁሉ አስቀድሞ ወላጆቹን ማሰቡ ያገራችን መልካም ልማድ ነው። ለእናት ነጠላ ወይም ቀሚስ፣ ለአባት ጋቢ ወይም ካፖርት መግዛት የቆየ ነው። ዛሬ ደግሞ የማዕድ ቤት ዕቃ፣ ይልቁንም በአንድ ካርቶን የታሸገ የቢላዋና የድስት ስብስብ፣ ከነዚህ ስጦታዎች ጋር ተቈጥሮአል።

ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ተማሪዎች ሆነን ሳለን ያበላን ያ ማዕድ ቤት ነውና፣ ውለታው ወደዚያው ቢመለስ ተገቢ ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት እንደምናየው ስብስቡ በቡፌ ውስጥ ለዐይን ይቀመጥና፣ እናት በዚያው እጀታው በጨርቅ በተጠቀለለ አሮጌ ቢላዋ ሽንኩርታቸውን ይከትፋሉ። ስለ ምን ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ «እንዳይበላሽ ብዬ ነው» ይሉናል። እውነቱን ለመናገር ግን ዕቃው የተመረጠው ለእናት እጅ ሳይሆን ለልጁ ስም ነው።

የማዕድ ቤት ዕቃ ከሌላው ስጦታ የሚለይበት ነገር አለ። ነጠላው ይለበሳል፣ ጋቢው ያሞቃል፤ ቢላዋና ድስት ግን ሥራን ይዘው ይመጣሉ። ድካምን የማያቃልሉ ከሆነ ትርጉማቸው «እንኪ፣ ደግሞ ሥሪ» ከማለት አይርቅም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት መለኪያው አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ይህ ዕቃ ከእናቴ ድካም የትኛውን ያቃልላል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በዚህ መለኪያ ቢላዋውን እንመርምር። በቤታችን የቢላዋ ዋና ሥራ የወጥ ሽንኩርት ማድቀቅ፣ ሥጋ መዘልዘልና ዶሮውን በ12 ብልት ማውጣት ነው። ለዚህ ሁሉ ስለቱ ከ18 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አንድ ትልቅ ቢላዋና ለመላጫ የሚሆን አንድ ትንሽ ቢላዋ ይበቃሉ። የ15 ቢላዋ ስብስብ የሚገዛ ሰው አሥራ ሦስቱን ለቡፌ መግዛቱ ነው። በዚያው ገንዘብ ሁለት ደኅና ቢላዋና አንድ የመሳያ ድንጋይ ይገኛል።

የብረቱም ዐይነት ቢታወቅ መልካም ነው። ካርቦን ያለበት ተራ የብረት ቢላዋ ቶሎ ይሳላል፤ ነገር ግን እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል። የማይዝገው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮምየም የተቀላቀለበት ሲሆን፣ ሃሪ ብሪርሊ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1913 በሼፊልድ ከተማ ከሠራው ወዲህ ወደ ማዕድ ቤት ሁሉ ገብቶአል። ሽንኩርትና ሎሚ በማይታጣበት ቤት የሚመቸው ይኸኛው ነው። ከዚህም ሌላ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀ መሆኑን ማየትና እጀታው በረጠበ ጊዜ የማያንሸራትት መሆኑን መፈተን ያስፈልጋል። ጣታቸውን ቁርጥማት ለሚያማቸው ወላጅ ወፍራም እጀታ ከሚያብለጨልጭ ስለት ይበልጣል።

አንዳንድ ልጆች ለእናታቸው አዝነው «የሚቈርጥ ቢላዋ እጅ ይጎዳል» ሲሉ እንሰማለን። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የዶለዶመ ቢላዋ ኀይል ይጠይቃል፤ ኀይል ሲበዛበት ከሽንኩርቱ ላይ ይንሸራተትና ወደ ጣት ይሄዳል። ስለቱም እንዳይዶለድም መክተፊያው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን፤ የመስተዋትና የድንጋይ መክተፊያ ስለትን ያጠፋል።

ወደ ድስቱ እንምጣ። የወጥ ሽንኩርት አስቀድሞ ያለ ዘይት ለረዥም ጊዜ ይቁላላልና፣ መቀመጫው የሳሳ ድስት ሽንኩርቱን ያሳርራል፤ እናትም ከእሳቱ ፊት ቆመው ያለ ዕረፍት ለማማሰል ይገደዳሉ። ስለ ሆነም መቀመጫው የወፈረ ድስት መግዛት ማለት እናትን ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ማለት ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ፈጥኖ ያዳርሳል፤ ቢሆንም ቲማቲምና ሎሚ የመሰለ ጎምዛዛ ነገር ሲቈይበት ከብረቱ ጥቂት ወደ ምግቡ ይገባል። የማይዝገው ብረት ይህ ጉድለት የለበትም፤ ብቻውን ግን ሙቀትን በደንብ አያዳርስምና፣ ከመቀመጫው ሥር አሉሚኒየም የተደረበበትን መምረጥ ይሻላል። የማያጣብቀው መጥበሻ በብረት ማንኪያ ከተፋቀ ሽፋኑ ይላጣል፤ ባዶውን እሳት ላይ መርሳትም አይገባም። ከሁሉ በላይ ክብደቱን አንዘንጋ። ባዶውን ለእኛ ጉልበት የቀለለ ድስት ወጥ ሲሞላ ለስድሳ ዓመት ክንድ ሸክም ነው፤ እጀታውም ሁለት ይሁን።

የአዲስ አበባ ልጅ ሊያስበው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በዚህች ከተማ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሽምብራውና ባቄላው፣ የበሬውም ሥጋ ለመብሰል ረዥም ጊዜ የሚፈጅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በተለምዶ ፕሬዠር የሚባለው ድስት እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው ጊዜና ማገዶ ይቈጥባል። የእንፋሎት መውጫው ንጹሕ እንዲሆን፣ እንፋሎቱም ሳያልቅ እንዳይከፈት አብሮ ማስረዳት ግን የሰጪው ግዴታ ነው። አዲሱ ገባ ተብሎ የሸክላው ድስት አይጣል፤ ሙቀት ይዞ በመቈየት የሚተካከለው ጥቂት ነውና።

«ስጦታ ተጠይቆ ከተሰጠ ምን ደስታ አለው?» የሚሉ ወዳጆች አሉን። እኛም ጠይቁ አንልም። እናት ሲጠየቁ «እኔ ምንም አልፈልግ፣ አንተ ብቻ ደኅና ሁንልኝ» እንደሚሉ ማንም ያውቃል። ይልቅስ አንድ እሑድ ማዕድ ቤት ገብቶ፣ በእሳቸው ቢላዋ አንድ ኪሎ ሽንኩርት መክተፍ ነው። የቱ እጅ እንደሚደክም፣ የቱ ድስት እንደሚያሳርር፣ የቱ ክዳን እንደማይገጥም ያን ጊዜ ይታወቃል። ምናልባትም የሚያስፈልገው አዲስ ቢላዋ ሳይሆን፣ የለመዱትን አስሎ እጀታውን ማስቀየር ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ከባልንጀራ ተበድሮ ባለ ብዙ ክፍል ስብስብ መግዛት ግን አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ወንዶች ልጆች ነገሩ የእኅቶቻቸው ብቻ እንዳይመስላቸው አደራ እንላለን። ብቻውን ቀርቶ ለራሱ የሚያበስል አባትም አለ፤ ለእሱም ምርጫው ይኸው ነው። ስለትም አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያልቅ ዕቃ አይደለምና፣ ቢላዋውን የሰጠ ልጅ የመሳሉን ሥራ ለራሱ ይያዝ። በወር አንድ ጊዜ ወላጆቹን ለመጠየቅ ሲሄድ ድንጋዩን አርጥቦ ቢላዋውን ይሳል፤ እግረ መንገዱንም የዕለቱን ሽንኩርት ይክተፍ።