ደወሉን የሚሰማው ማን ነው?

ዕድሜያቸው ለገፋ ወላጆች መከታ ይሆናል ተብሎ በውጭ አገር ገበያ የሚሸጥ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። በአንገት ይንጠለጠላል ወይም በእጅ አንጓ ይታሰራል፤ በመካከሉም አንድ መጫኛ አለው። አረጋዊው ድንገት ቢወድቅ ወይም ሕመም ቢጸናበት መጫኛውን ሲነካ በስልክ መሥመር ርዳታ ይጠራለታል። በአማርኛ የርዳታ መጥሪያ ቢባል ከሥራው ጋር ይስማማል። በዋሽንግተን ወይም በሎንዶን የሚኖሩ ልጆች እናታቸው በአዲስ አበባ ብቻቸውን መሆናቸውን ባሰቡ ቁጥር ይህን ዕቃ ገዝቶ መላክ ቢያምራቸው፥ አስመጪውም የልጆቹን ሐሳብ ተመልክቶ በብዛት ለማስመጣት ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ገዢውም ሻጩም አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባው ስለ ዕቃው መልክና ዋጋ ሳይሆን፥ ጥሪውን የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ ነው።

መጥሪያው ከተፈጠረ ጀምሮ ብቻውን የቆመ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። በአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቅ የነበሩት አንድሩ ዲብነር እ.ኤ.አ. በ1974 ላይፍላይን የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁሙ፥ የሐሳባቸው ዋና ነገር በቤቱ ያለውን አረጋዊ ጥሪውን ተቀብሎ ርዳታ ከሚልክ ሰው ጋር ማገናኘት ነበር። ዛሬም በዚያ አገር ደንበኛው በየወሩ ከ20 እስከ 50 ዶላር ያህል የሚከፍለው ለፕላስቲኩ አይደለም፤ ቀንና ሌሊት ተራ ገብተው ስልክ ለሚጠብቁ ሠራተኞች ነው። ጥሪ በደረሳቸው ጊዜ የጠሪውን ስም፥ ሕመሙን፥ የሚወስደውን መድኃኒትና የቤቱን ቁልፍ የያዘውን ጎረቤት ከመዝገብ ያነባሉ፤ ጠሪው መልስ ባይሰጥም አምቡላንስ ያስልካሉ። እንግዲህ ይህ መጥሪያ ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ ቢላክ፥ ከተገዛው ነገር የሚደርሰው ትንሹ ክፍል ብቻ ነው። ሲም ካርዱ ለዚያ አገር መሥመር የተሰጠ ነው፤ ከውቅያኖስ ማዶ የተቀመጠውም ሠራተኛ ወደ ጉለሌ ወይም ወደ ቂርቆስ አምቡላንስ የሚልክበት መንገድ የለውም።

የነገሩ ክብደት ከዚህ ላይ ይታያል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ ነው። የወደቀውን ሰው የሚጎዳው አወዳደቁ ብቻ ሳይሆን ወለል ላይ የሚቆይበት ሰዓት ጭምር ነው። ብዙ ሰዓት ተጋድሞ የቀረ አረጋዊ ጡንቻው ይጎዳል፥ ኩላሊቱ ይታወካል፥ ውሃ ጥምና ብርድ ያደክሙታል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ መጥሪያው መጥቷል ብሎ ከእናቲቱ ጋር የምታድረውን ልጅ ያሰናበተ እንደ ሆነ፥ ዕቃው ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል ማለት ነው። ከሁሉ የሚያሳስበውም ይኸው ነው።

መሣሪያው በቤት ውስጥ መገኘቱ ብቻ እንደማይበቃ በእንግሊዝ አገር የተደረገ ምርመራ ያስረዳል። በካምብሪጅ ከተማ ዕድሜያቸው ከ90 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪትሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመው ይህ ጥናት፥ መጥሪያ እያላቸው ብቻቸውን ሳሉ ከወደቁት መካከል ከመቶ 80 ያህሉ እንዳልተጠቀሙበት ገልጧል። አንዳንዶቹ በዚያ ሰዓት አላደረጉትም ነበር፤ አንዳንዶቹም ያለ ሰው ርዳታ ለመነሣት መረጡ። «ሰው አላስቸግርም» ማለት ለኢትዮጵያ እናትም እንግዳ አነጋገር አይደለም። ስለዚህ ምርጫው የሚጀመረው ከሱቅ ሳይሆን ከእርሳቸው ዘንድ ነው። በአንገታቸው ማዕተብ የሚያስሩ እናት ሌላ ገመድ መጨመርን ይወዱ እንደ ሆነ፥ ወይስ የእጁን ይመርጡ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። የአንገቱን ከመረጡ ገመዱ ከአንድ ነገር ጋር ሲያያዝና ሲሳብ በራሱ የሚለቅ ይሁን። ውሃ የማያስገባ መሆኑም ግዴታ ነው፤ በመታጠቢያ ቤት መንሸራተት ተራ ነገር ሆኖ ሳለ፥ ሊታጠቡ ሲገቡ የሚያወልቁት መጥሪያ ምን ይረባል?

በአዲስ አበባ ለሚኖር አረጋዊ የሚስማማው የአገር ውስጥ ሲም ካርድ የሚቀበል፥ አስቀድመው የተመዘገቡ ስልኮችን በተራ የሚጠራና እንደ ስልክ የሚያነጋግር ዓይነት ነው። በዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያ ስም ግን ገንዘቡን የከፈለው ልጅ ስም መሆን የለበትም። በአዲስ አበባ እኩለ ቀን ሲሆን በዋሽንግተን ገና አልነጋም፤ ልጁ ነቅቶ ቢሰማም ከመደንገጥ በቀር የሚያደርገው ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ስም ቁልፍ የተሰጠው የቅርብ ጎረቤት ይሁን፤ ቀጥሎ በከተማው ያለ ዘመድ፤ ልጁ ከእነዚህ በኋላ ይምጣ። ጎረቤቱም የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 መጥራትን ማወቅና፥ ቤቱ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወይም ከየትኛው ትምህርት ቤት አጠገብ እንደ ሆነ በአጭር ቃል መናገር ይኖርበታል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ተነግሮ ብቻ ቤት በማይገኝበት ሰፈር፥ በጂ.ፒ.ኤስ. የሚላክ ካርታ ወጥቶ አምቡላንሱን የሚቀበል ሰውን አይተካም።

ከዚህም ሌላ በሣጥኑ ላይ የማይጻፉ ጥቃቅን ጉዳዮች አሉ። አንዳንዱ መሣሪያ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» የሚለውን የተቀዳ ድምፅ ሲሰማ ሰው የመለሰ መስሎት መጥራቱን ያቆማል፤ የተሻለው ግን ተቀባዩ አንድ ቁጥር እስኪጫን ድረስ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ሒሳቡ ያለቀ ሲም ካርድ ጥሪ አያወጣም። ባትሪው ሲደክም በእንግሊዝኛ የሚናገር መሣሪያ ቋንቋውን ለማያውቁ እናት ምንም አልነገራቸውም። መብራት በሚጠፋበትም ሰፈር ባትሪው አንድ ቀን ብቻ የሚቆይ ዕቃ አይመከርም።

መውደቅን በራሱ ያውቃል ስለሚባለው ዓይነትም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የእጅ ሰዓት ይህን ሥራ ካገባበት ወዲህ ዝናው ሰፍቷል። ራሱን ለሳተ ሰው በእርግጥ ይጠቅማል። ሆኖም ከወንበር ቀስ ብሎ የተንሸራተተውን ላያውቅ፥ ድንገት የተቀመጠውን ደግሞ ወድቋል ሊል ይችላል፤ በየዕለቱም ኃይል መሙላት ይፈልጋል። ብዙ ገንዘብ የሚጨመርበት ከሆነ፥ ያ ገንዘብ ለጠባቂዋ ልጅ ደመወዝ ቢውል ይሻላል።

አስመጪው በበኩሉ ርካሽ ዕቃ ሲቀርብለት ለምን እንደ ረከሰ ሊመረምር ይገባዋል። በአሜሪካ ታላላቆቹ የስልክ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የሦስተኛውን ትውልድ መሥመር በዘጉ ጊዜ፥ በዚያ ብቻ ይሠሩ የነበሩት መጥሪያዎች እንዲለወጡ ግድ ሆኗል፤ በብሪታንያም የቆየው የስልክ መሥመር እ.ኤ.አ. እስከ ጥር 2027 ድረስ በአዲስ እንዲተካ ታቅዷል። ዘመኑ ያለፈበት ትርፍ ዕቃ በቅናሽ ቢቀርብ፥ በኢትዮጵያ ሞገድ መሥራት አለመሥራቱን አምራቹ በጽሑፍ ካላረጋገጠ፥ ለናሙናም ሁለት ሦስት አስመጥቶ በኢትዮ ቴሌኮምና በሳፋሪኮም መሥመር ሳይፈትኑ ትእዛዝ መስጠት ገንዘብን መበተን ነው። የስልክ መሣሪያ እንደ መሆኑም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚጠይቀውን አስቀድሞ ማወቅ ከጉምሩክ ደጅ እንግልት ያድናል።

ይህ ሁሉ ድካም ትርፍ ይቀንሳል የሚሉ ነጋድያን ይኖሩ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስለዚህም የድካሙ ዋጋ በግልጽ ይጠየቅ። ባለሱቁ ዕቃውን በሣጥኑ ከመስጠት ይልቅ ሠራተኛውን ወደ ቤት ልኮ ሲም ካርዱን ያስገባ፥ ስልኮቹን ይመዝግብ፥ ከመኝታ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት እየተጫነ ይሞከር፤ የዚህንም ክፍያ በደረሰኙ ላይ ለብቻው ይጻፍ። ጥሪ የሚቀበል የራሱ ጣቢያ ሳይኖረው ግን «የ24 ሰዓት ጥበቃ» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣት የሌለውን ዕቃ መሸጥ ነው። ጥቂት አስመጪዎች ተባብረው አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ ሠራተኞች ያሉት አንድ ጣቢያ ቢያቆሙ፥ በውጭ ያሉት ልጆች በየወሩ ሊከፍሉበት የሚችሉ አገልግሎት ይሆናል። ያ እስኪሆን ድረስ በየወሩ አንድ ቀን፥ ለምሳሌ የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ዕለት፥ መጥሪያው ይጫን፤ ጎረቤቱም ቁልፉን ይዞ እስኪመጣ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀበት በወረቀት ተጽፎ ለልጆቹ ይላክላቸው።