ዘበኛውን አስረን ሌባ አንፈልግ

ሰሞኑን በወርክሾፓችን የተግባር ፈተና ላይ የታየ አንድ ነገር ይህችን ጽሑፍ አስጻፈኝ። አንድ ሠልጣኝ በራሱ ጊዜ እየጠፋ ያስቸገረ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ተሰጠው። ሲያበሩት ይሠራል፤ ሞቅ ሲል ጥፍት ይላል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይነሣል። ሠልጣኙ ብዙም አልተጨነቀ። በትራንዚስተሩ ውስጥ የሚያልፈውን ኩረንት የምትለካውን ትንሿን ሬዚስተር በቁራጭ ሽቦ አገናኛትና «በቃ፣ ከእንግዲህ አይጠፋም» አለ። እውነቱን ነው፤ ለጥቂት ጊዜ አልጠፋም። ከዚያ ግን ትራንዚስተሩ ጧ ብሎ ፈነዳ፤ ፊውዙም አብሮ ሄደ። ኋላ ሲመረመር ጥፋቱ የተገኘው በመውጫው በኩል ካለው ዳዮድ ነው፤ ሲሞቅ ኩረንት ወደ ኋላ ያሾልካል።

በሰው ላይ ጉዳት ስላልደረሰ ነገሩ በሣቅ አለፈ። እኔ ግን አልሣቅሁም። ልጁንም ለመውቀስ አፌ አልደፈረም፤ ሠልጣኝ ሳለሁ እኔም የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ተክቼ አውቃለሁና። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ይህን ልማድ ማን አስተማረን?

በመሠረቱ ይህ ዕቃ ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ማዳኑ ነው። 220 ቮልቱ ተስተካክሎ በትልቁ ካፓሲተር ላይ ወደ 310 ቮልት ዲሲ ይሆናል። ትራንዚስተሩም ይህን ኃይል በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይህን ሥራ የሚቈጣጠረው አይሲ ነው። በብዙ ቦርድ ላይ የምናገኘውን ዩሲ 3842 እንውሰድ። የራሱ መነሻ ቮልቴጅ 16 ገደማ ካልደረሰ አይነሣም፤ ከ10 ገደማ በታች ከወረደ ያቆማል። በኩረንት መለኪያዋ ሬዚስተር ላይ 1 ቮልት ከደረሰ ደግሞ ትራንዚስተሩን ወዲያው ይዘጋል። እንግዲህ አይሲው ዘበኛ ነው። ያ ሠልጣኝ ያደረገው ምንድን ነው? ሌባ መጣ ብሎ የጮኸውን ዘበኛ አፉን አሰረው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ? ይህ ዕቃ ግን በሽታውን አይደብቅም፤ ሰሚ አጣ እንጂ። ሲቀዘቅዝ አልነሣ ብሎ ሲያሞቁት የሚነሣ ከሆነ የደረቀ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተርን እንጠርጥር። ቀዝቅዞ ሠርቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ የተሰነጠቀ ብየዳን፣ የቆመ ፋንን፣ የሚያሾልክ ዳዮድን እንይ። ጭነት ሲነሣለት የሚሠራ ከሆነ ምናልባት ጥፋቱ ከእርሱ ሳይሆን ከተሸከመው ዕቃ ነው። ቲክ ቲክ እያለ እየተነሣ የሚወድቅ ከሆነም መልቲሜትሩን የአይሲው 7ኛ እግር ላይ እናድርግ፤ ቮልቴጁ በ16 እና በ10 መካከል ሲወጣና ሲወርድ ሊታይ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የአይሲው ምግብ ነው የደከመው ወይስ ጭነቱ ነው የከበደው ብሎ መለየት ነው።

አንዳንድ መምህራን «ጊዜ የለም፤ ካፓሲተሮቹን በሙሉ ለውጦ መገላገል ይሻላል» ይላሉ። አነጋገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ለጥገና ሱቅም ያዋጣ ይሆናል። እኛ ግን የጥገና ሱቅ አይደለንም። ከዚህ የሚወጣው ሠልጣኝ ነገ 40 ተማሪ ፊት ይቆማል። ያን ጊዜ አንዱ ተማሪ «ጋሼ፣ ለምን ጠፋ?» ብሎ ሲጠይቀው «ሁሉንም ለውጠው» ብሎ ይመልሳል? ሽቦ ማገናኘት ያስተማረ እንደሆነ ደግሞ ጦሱ ለ40 ቤት ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጥፋቱ ከአሰጣጣችን ነው። በፈተና ላይ «ሠራ ወይስ አልሠራም?» ብለን ማርክ እንሰጣለን። ሠልጣኙም ብልህ ነው፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ ብቻ የሚሠራበትን ዘዴ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከተግባር ፈተናው ማርክ ግማሹ ለልኬት መዝገብ ይሁን፤ ምን ጠረጠርህ፣ የት ለካህ፣ ስንት አገኘህ? ዕቃው ባይሠራም እንኳ መንገዱ ልክ ከሆነ ማርኩን ያግኝ። ሁለተኛ፣ በየጠረጴዛው 60 ወይም 100 ዋት አምፖል በሲሪየስ ይገጠም። ክሩ የሚግል የድሮው ዓይነት አምፖል መሆን አለበት። ሾርት ካለ አምፖሉ ደምቆ ይቀራል፤ ከሌለ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል፤ ትራንዚስተርም በከንቱ አይቃጠልም። ሦስተኛ፣ ትልቁ ካፓሲተር በሬዚስተር ሳይራገፍና በመልቲሜትር ሳይረጋገጥ ማንም እጁን አይስደድ። ሶኬቱ ቢነቀልም 310 ቮልቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። የኦሲሎስኮፑንም ግራውንድ ኢሶሌሽን ትራንስፎርመር ሳይኖር ከመግቢያው ወገን ማያያዝ ሾርት መፍጠር ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው እኛ መምህራን «ሠራልህ?» ከማለት ይልቅ «ለምን ጠፋ?» ማለትን መልመዳችንን ነው። ተቃራኒ አሳብ ያለው ካለ ወረቀቱ እነሆ፣ ግድግዳውም እነሆ፤ ይጻፍና እንወያይበት።