ደም መሽናት አይናቅ

በከሚሴ በኩል የሚያልፈው የቦርከና ወንዝ መጨረሻው አዋሽ ነው። በመካከለኛው አዋሽ ረግረግ ደግሞ የሽንት ቢልሃርዚያ መኖሩ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ ወደዚያ ቆላ ለእርሻ ሥራ ወርዶ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ሽንቱ ደም ቢቀላቅል ነገሩን በዝምታ ሊያልፈው አይገባም።

በቀንድ አውጣ ውስጥ የተራባው የትሉ እጭ በቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል፤ እንቁላሉም በፊኛና ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርዱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ግድግዳ ተቀብሮ ጠባሳ ያበጃል። ቧንቧው የጠበበ እንደሆነ ሽንት ወደ ኋላ እያቆረ ኩላሊቱን ይነፋዋል። በአንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል የሚሆኑት የደም ማጣሪያዎችም ተጨፍልቀው ቀስ በቀስ ይሞታሉ። አንዱ ኩላሊት ሲደክም ሁለተኛው ሥራውን ስለሚሸፍንለት፣ ሕመምተኛው ጉዳቱን ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል።

መንገዱ በቶሎ ቢከፈት ኩላሊቱ ያገግማል፤ ጠባሳ የሆነው ሥጋ ግን አይመለስም። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ኩላሊት የመተካት ሕክምና ተጀምሯል፤ ይሁን እንጂ ለጋሽ ከመፈለግ አስቀድሞ ትሉን ፕራዚኳንቴል በተባለው ኪኒን መግደል እጅግ ይቀላል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ከቆላ የተመለሰ ልጃችሁን ጠይቁት፤ አፍሮ እንዳይደብቃችሁም አደራ።