አእምሮ የአካል ክፍል አይደለምን?

በአዲስ አበባ ከተማ ቤት ማግኘት ለጤነኛውም ሰው ምን ያህል አስቸጋሪ መሆኑን የማያውቅ ተማሪም ሆነ መምህር በመካከላችን አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን ከዚህ ሁሉ ቤት ፈላጊ መካከል ስሙ የማይጠራውን ሰው ነው፤ ይኸውም በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጉዳተኛ ሆኖ የሚኖረውን ወንድማችንንና እኅታችንን ነው።

መንግሥት በዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጠው ቤት በከተማችን በሁለት መልክ ይታወቃል። አንደኛው የቀበሌ ቤት ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ሁለተኛው በዕጣ የሚታደለው ኮንዶሚኒየም ነው። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ በ10/90 የተመዘገበው ድኻ በየወሩ 187 ብር፣ በ20/80 ባለ አንድ መኝታ የፈለገው ደግሞ 274 ብር በባንክ እያስቀመጠ ዕጣውን እንዲጠብቅ ተደረገ።

ሁለቱም መንገዶች ሰው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዐይነት ሆኖ እንዲኖር ይጠይቃሉ። ሕመሙ ግን ይህን አይፈቅድም። ስኪዞፍሬኒያም ሆነ ባይፖላር የሚባለው ሕመም በብዙዎች ላይ የሚመለስ የሚመላለስ ነው። መድኃኒቱን በወጉ የሚወስድ ሰው ለረጅም ጊዜ በሰላም ሠርቶ ያድራል፤ ባገረሸበት ጊዜ ግን ሥራውን ያጣል፤ ቁጠባውን ያቋርጣል፤ የተቀጠረበት ቀንም ያልፈዋል። በቀበሌ ቤት ከእናቱ ጋር ይኖር የነበረውስ? እናቲቱ ባረፈች ጊዜ ውሉን በስሙ ለማዛወር ማስረጃ ይዞ ወረዳ የሚመላለስለት ማነው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ መዝገቡ የሚያውቀው የቀረውን ሰው ነው እንጂ የቀረበትን ምክንያት አይደለም።

ወደ ግል አከራይ ይሂድ ቢባል፣ በአገራችን «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም ራሱ መሰደቢያ ሆኗል። ተከራዩ እዚያ ታክሞ እንደነበር የተሰማ እንደሆነ ደጁ ይዘጋበታል። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የመንግሥት ቤት የሚያስፈልገው ለዚህ ሰው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ14ኛው ዙር የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተመድቦ ነበር። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ሆኖም ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። «አካል ጉዳተኛ» ስንል በሁላችንም ዐይን ፊት የሚመጣው ክራንች የያዘ ወይም ብርሃኑን ያጣ ሰው ነው። ሕጉ ግን ከልማዳችን ይሰፋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 የአእምሮን ጉዳት በትርጉሙ ውስጥ አስገብቶታል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም በአንቀጽ 1 እንደዚሁ ይላል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ መንግሥታት ለነዚህ ሰዎች የሕዝብ ቤቶችን በር እንዲከፍቱ ያዛል። እንግዲህ የጎደለው ሕግ ሳይሆን፣ የተጻፈውን ሕግ ለባለመብቱ የሚያስረዳና ባለመብቱን እስከ መስኮቱ የሚያደርስ ሰው ነው።

«እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን ቤት ሊይዝ አይችልም፤ ሆስፒታል ይቀመጥ» የሚሉ ይኖራሉ። ሆስፒታል መታከሚያ ነው እንጂ መኖሪያ አይደለም። ታክሞ የተሻለውን ሰው መግቢያ ሳያዘጋጁ ማሰናበት ወደ ጎዳና መስደድ ነው፤ በጎዳና ላይ መድኃኒት ይቋረጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሕመሙም ይመለሳል። ስለዚህ ቤት የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። መቄዶንያን የመሰሉ የበጎ አድራጎት ማዕከሎች የሚሠሩትን ሁሉ እናከብራለን፤ ነገር ግን ምጽዋት የመብት ምትክ አይሆንም።

«በሐሰተኛ የሐኪም ወረቀት የሚያጭበረብር ይበዛል» የሚሉም አይጠፉም። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ የተሰረዘው ለዕጣው የማይበቁ ሰዎች ስም በመረጃው ውስጥ ስለ ገባ እንጂ ሕሙማን ስላጭበረበሩ አይደለም፤ ዕጣውም በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ለማጭበርበር መድኃኒቱ ቁጥጥር ነው እንጂ በር መዝጋት አይደለም። ሕሙማኑም ከተራቸው ይቅደሙ አላልንም፤ ለጉዳተኛ በተቆረጠው ድርሻ ውስጥ ይቆጠሩ አልን።

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለቤት ምዝገባ በሚሞላው ቅጽ ላይ የአእምሮ ጉዳት በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሐኪም በመሰከረለት የሕመም ጊዜ የተቋረጠ ቁጠባ ወይም ያለፈ ቀጠሮ እንደ መተው አይቆጠር። ሦስተኛ፣ ሕመምተኛው ደኅና በሆነበት ጊዜ ራሱ የመረጠው ተወካይ ጉዳዩን እንዲከታተልለት ይፈቀድ።

እኛስ? የሕግ ተማሪዎች፣ የማኅበራዊ ሥራና የሥነ ልቡና ተማሪዎች፣ የሕክምና ተማሪዎች በመካከላችን አሉ። ማኅበራችን ከየክፍሉ ጥቂት ፈቃደኞችን መርጦ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቅጽ የሚሞላ፣ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ወደ ወረዳም አብሮ የሚሄድ ቡድን ቢያቋቁም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መምህሮቻችንም ይህን ሥራ እንደ ትምህርቱ አካል ቢቆጥሩልን እንወዳለን። ጉዳዩ በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ በአጀንዳ ተይዞ ውሳኔ እንዲሰጥበት አሳስባለሁ።