እሳቱ ሲጠፋ ብዕር ይነሣ

አንባቢ ሆይ፤ እሳት ሲነሣ ሰው ሁሉ ይሮጣል። እሪ ይባላል። ጥሩንባ ይነፋል። ውኃ ያለው በውኃ፣ ውኃ የሌለው በቅጠልና በአፈር ይረባረባል። በዚያ ሰዓት ቂም የለም። የተጣላ ጎረቤት እንኳ ቅጠሉን ይዞ ይደርሳል። ለዚህ ሕዝባችን ምስጋና ይገባዋል።

ታዲያ በሳምንቱስ? ጭሱ ሲበተን ሰዉም ይበተናል። አመዱ ዳር የሚቀረው ባለቤቱ ብቻ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ ሰው ነው። እሳት የጎዳው መንደር እንዴት ይቋቋማል? ርዳታ ከየት ይመጣል? ማንስ ይጠይቃል?

የኛ አሳብ ይኼ ነው። ርዳታ የሚደርሰው ለጮኸ ሳይሆን ለተቆጠረና ለተጻፈ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለም? ስለዚህ እሳቱ እንደጠፋ መጀመሪያ የሚነሣው መሣሪያ ብዕር ነው። ያንን ብዕር የምትይዘው አንተ ነህ፤ የምትይዢውም አንቺ ነሽ። ፊደል የቆጠራችሁት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ከስሜን ምን እንማራለን?

ከወረታ ተነሥቶ በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር የሚገባው መንገድ ወደ ደባርቅ ይቀጥላል። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ ዋሊያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ነው። ዋሊያ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ዱር አይገኝም። በዚህም ምክንያት ቦታው በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. በዚህ ፓርክ እሳት ተነሣ። ጊዜው በጋ ነበር። ሣሩ ደርቋል፤ ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ ቦታው ገደል ነው። ጓሳውና አስታው ተያያዘ። የአካባቢው ገበሬና ወጣት ቅጠልና አፈር ይዞ ወጣ። ጠፋ ሲባል በሚያዝያ እንደገና ተነሣ። መንግሥት የውጭ ርዳታ ጠየቀ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። በመጨረሻም እሳቱ በቁጥጥር ሥር ዋለ።

ከዚያ ቀደም በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የባሰ እሳት ተነሥቶ ነበር። ከ100 ሺህ ሄክታር የሚበልጥ መሬት አዳረሰ። ገበሬው፣ ተማሪውና ወታደሩ ዘመተ። ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጥተው አገዙ። የሰው ጉልበትና ዝናብ ተጋግዘው አጠፉት።

ከሁለቱ ምን እናያለን? አንደኛ፣ ጠፋ የተባለ እሳት ሁሉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ረመጥ በሥርና በጉቶ ውስጥ ተደብቆ ይሰነብታል። ስለዚህ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም ቀንና ሌሊት ጠባቂ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሄሊኮፕተር ነበልባል ያጠፋል እንጂ ለበሬ መኖ አያቀርብም። ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የመንደሩ ሰው ነው።

ለኛስ ምን አገባን?

«እኛ የምንኖረው ሜዳ ላይ ነው። የተራራ እሳት ለኛ ምናችን ነው?» የሚል የፎገራ ገበሬ ይኖር ይሆናል። ወንድሜ ሆይ፤ እስቲ ክምርህን ተመልከት። የሩዝ ገለባህ የት ነው የተከመረው? ከቤትህ ጥግ አይደለም? የጎረቤትህስ ክምር ከክምርህ ስንት ክንድ ይርቃል? ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወራት ከምድጃ የወጣ አንድ ፍም ለዓመት የተዘጋጀውን መኖ በአንድ ሰዓት አመድ ያደርገዋል። ከክምሩ ወደ ሣር ክዳኑ፣ ከክዳኑ ወደ ጎተራው ለመዝለልም ጊዜ አይፈጅበትም።

ደግሞም እሳትን ባናውቅ ጎርፍን እናውቃለን። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ጣናም ከዳርቻው ወጥቶ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ! በ2012 ዓ.ም. ክረምትም እንዲሁ ሆነ። ውኃ የወሰደበት ሰው እሳት የወሰደበትን ሰው ያውቀዋል። ሁለቱም ቤት ከሌለው፣ ዘር ከሌለው፣ ከብቱ ከተራበበት ቦታ ነው የሚነሡት። ስለዚህ ይህ ምክር ከወንዛዬ እስከ ጣና ዳር ላለው ሁሉ ይጠቅማል።

ዝርዝሩ እንዴት ይጻፍ?

እሳቱ በጠፋ በማግሥቱ ሦስት ሰዎች ምረጡ። አንዱ ጸሓፊ ይሁን። አንዱ አገር የሚያውቅ ሽማግሌ ይሁን። አንዷ ደግሞ ሴት ትሁን። ሴት ለምን? በጓዳ ምን እንደነበረና ምን እንደጠፋ ከማንም የበለጠ የምታውቀው እሷ ናት። ሦስቱ ቤት ለቤት ይዙሩ። በደብተሩ ላይ አምስት መስመር አስምሩና እነዚህን ጻፉ፦

ስም።
የቤተሰብ ብዛት።
የተቃጠለው።
የተረፈው።
በቶሎ የሚያስፈልገው።

ማን እንደሚረሳ ታውቃላችሁ? የሚረሳው በስብሰባ የማይናገረው ነው። ባሏ የሞተባት እናት ትረሳለች። መሬት የሌለው የእኩል አራሽ ይረሳል። የቀን ሠራተኛው፣ እረኛው ልጅ፣ አልጋ ላይ ያለው በሽተኛ ይረሳሉ። ስማቸው ካልተጻፈ ርዳታ ሲመጣ የሉም ማለት ነው። ስለዚህ ጸሓፊ ሆይ፤ ከነሱ ጀምር።

እውነቱን ብቻ ጻፉ። አንድ በሬ የሞተበት «ሦስት ብላችሁ ጻፉልኝ» ቢል እሺ አትበሉት። መርማሪው መጥቶ አንዱን ውሸት ካገኘ የመንደሩን ዝርዝር በሙሉ ይጠረጥራል። የአንዱ ስስት የሃምሳውን ርዳታ ያስቀራል። ጸሓፊውም ዘመዱን አስቀድሞ ባዳውን እንዳይተው መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። መቆጣጠሪያው ቀላል ነው። ዝርዝሩ ተጽፎ ሲያልቅ ሕዝብ በተሰበሰበበት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። የቀረ ካለ ይግባ። የተጋነነ ካለ ይታረም። ማንበብ የቻለ ሁሉ እየቀረበ በዓይኑ ይየው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የተጻፈለትን አምኖ ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም። የቆጠረ ግን ያነባል፤ ይጠይቃል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ማለት ይኼ ነው።

በመጨረሻም ዝርዝሩን ሁለት አድርጋችሁ ገልብጡ። አንዱን ስጡ። አንዱን ያዙ። በያዛችሁት ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ፊርማ ያኑርበት። ወረቀት ሲጠፋ «አልደረሰንም» ቢባል ማስረጃው በእጃችሁ ነው።

ማን ይጠየቅ? ምን ይጠየቅ?

መጀመሪያ የሚጠየቀው ቅርቡ ነው። ዕድሩ አለ። ደቦና ወንፈል አለ። ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አለ። ቀጥሎ ወደ ቀበሌው አስተዳደር ይኬዳል። ከቀበሌው ወደ ወረዳው ይኬዳል። በወረዳው ለዘርና ለመኖ ግብርና ጽሕፈት ቤቱን፣ ለምግብና ለመጠለያ የአደጋ መከላከል ሥራ ክፍሉን፣ ለተቃጠለ ሰው ጤና ጣቢያውን ጠይቁ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም አለ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ በአደጋ ጊዜ የሚደርስ ማኅበር ነው። ከተማ ያሉ የመንደሩ ልጆችም አይረሱ። ለነሱም ዝርዝሩ ይላክላቸው። «ተቃጥለናል፤ ድረሱልን» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ «የ12 ቤት ቆርቆሮ ጎድሎናል» የሚል ደብዳቤ ገንዘብ ያሰባስባል።

ምን ይጠየቅ? ሁሉን ባንድ ጊዜ አትጠይቁ። ጊዜውን እያያችሁ ጠይቁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሕክምና፣ ምግብ፣ ንጹሕ ውኃና መጠለያ ይጠየቃል። የተቃጠለን ገላ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ ነው። ቅቤ፣ ጭቃ ወይም እበት አይቀባም። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።

ከዚያ በኋላ የከብት መኖ ይጠየቃል። ይኼ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከከተማ የሚመጣ ርዳታ ልብስና ዱቄት ይሆናል። መልካም ነው። ነገር ግን በሬው በረኃብ ከሞተ ገበሬው በሰኔ በምን ያርሳል? በሬውን ማዳን ማለት የሚመጣውን ዓመት እንጀራ ማዳን ነው።

ከክረምት በፊት ደግሞ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ይጠየቃል። እሳት የሚነሣው በመጋቢትና በሚያዝያ ከሆነ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ዘር በነሐሴ ቢመጣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

የተቃጠለ መሬት ምን ይደረግ?

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ነገር እንናገራለን። የተቃጠለ ተዳፋት ላይ ከብት አይሰማራም። ከአመዱ ሥር ያለው ሥር ብዙ ጊዜ አልሞተም። አስታም ሆነ ጓሳ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ነገር ግን ያቆጠቆጠውን ከብት ከጨረሰው፣ መሬቱንም ኮቴ ከደለቀው፣ የክረምቱ ዝናብ አመዱንና አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ያኔ እሳት ያልጨረሰውን ጎርፍ ይጨርሰዋል። ያ አፈር የት ይሄዳል? ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙም ወደ ታች ላለው ሜዳ ያወርደዋል። ደለል ምን እንደሆነ የፎገራ ሰው ለማንም አስተማሪ ነው።

ስለዚህ የተቃጠለው ተዳፋት ይከለል። በግንቦት የተቃጠለው ግንድ በተዳፋቱ አግድም ይጋደም። ድንጋይ ያለበት ቦታ እርከን ይሠራ።

ግን «ከልሉ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። ከብቱ የተራበበት ሰው ምን ያድርግ? መኖ ሳያቀርቡ ግጦሽ መከልከል በተጎዳ ላይ ሌላ ጉዳት ነው። እኛ እንደሚመስለን ክለላና መኖ አብረው ካልመጡ ክለላው አንድ ወር አይቆይም። እረኛው በሌሊት ያስገባል። አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ የፎገራ ገበሬ ትልቅ ሥራ አለው። ሩዝ ወደዚህ አገር ከገባ ወዲህ የፎገራ ሜዳ ገለባ አያጣም። በደጋ እሳት በተነሣ ዓመት እያንዳንዱ ገበሬ ከክምሩ አንድ ሸክም ቢያወጣ ምን ይጎድልበታል? የሺህ ሰው ሸክም ግን ብዙ መኪና ይሞላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። መንገዱ እንደሆነ ከወረታ ደባርቅ ድረስ የተያያዘ ነው። የሩዝ ገለባ ብቻውን ከብት አያፋፋም፤ ፋጉሎና ጨው ከተጨመረበት ግን በሬውን እስከ ክረምት ያደርሰዋል።

ልመና አይደለም

«ርዳታ መጠየቅ ውርደት ነው» የሚሉ ኩሩ አባቶች አሉ። ኩራታቸውን እናከብራለን። ግን አባቴ፤ ወንፈል የጠየቀ ለማኝ ይባላል? ዛሬ ለኔ፣ ነገ ለአንተ ነው። ያንተ ዝምታ የሚጎዳው አንተን ብቻ አይደለም። በቤትህ ያሉትን ልጆች ይጎዳል። ሌሎች ደግሞ «መንግሥት ያውቃል፤ ራሱ ይመጣል» ይላሉ። ማን ነገረው? ያልተነገረውን ማንም አያውቅም። ነግሮ መጠበቅና ሳይነግሩ መጠበቅ አንድ አይደሉም።

ከዚህ በታች አንድ የማመልከቻ አጻጻፍ አኑረናል። ዛሬ ማታ በደብተርህ ላይ ገልብጠው። ገልብጪው። ክፍት ቦታውን ለመሙላት የሚያስፈልግበት ቀን ባይመጣ መልካም ነው።

ቀን ........
ለ........ ቀበሌ አስተዳደር
ጉዳዩ፦ በእሳት ለደረሰ ጉዳት ርዳታ ስለመጠየቅ
በ........ ቀን በ........ ጎጥ በተነሣ እሳት ........ ቤተሰቦች ተጎድተናል። ........ ቤት፣ ........ ከብት፣ ........ ክምር ተቃጥሏል። በቶሎ የሚያስፈልገን ........ ነው። ከክረምት በፊት የሚያስፈልገን ........ ነው። የተጎጂዎች ስም ዝርዝር ከዚህ ጋር ተያይዟል። ቦታው ድረስ መጥታችሁ እንድታዩልን እንጠይቃለን።
የሦስቱ ተመራጮች ስምና ፊርማ ........

አንባቢ ሆይ፤ በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር «እኔ ሸምግያለሁ፤ ተምሬ ምን ልሠራ?» ያሉ ብዙዎች ነበሩ። መልሱ ይኸው ነው። የጎረቤትህን ስም ከአመድ ውስጥ አውጥተህ ወረቀት ላይ ታሰፍርበታለህ።

እስከዚያው ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። ነገ ጧት ስትነሣ ክምርህን ከቤትህና ከጎረቤትህ ክምር አርቀው። በዙሪያው ያለውን ደረቅ ሣር አጽዳ። የምድጃህን ፍም በውኃ አጥፋ። ከዚያ ወደ ደብተርህ ተመለስ።