ግዕዝና ዓረብኛ ለመተማ ልጆች

ባለፈው ክረምት ቨርጂኒያ የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ደውላ ስለ ትምህርቷ አጫወተችኝ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። «ጋሼ፣ ዘንድሮ የመረጥኳቸው ቋንቋዎች ላቲንና ስፓኒሽ ናቸው» አለችኝ። ምን አገናኛቸው ብዬ ጠየቅኋት። ላቲኑን የመረጠችው ሕክምና ማጥናት ስለምትፈልግ ነው፤ ስፓኒሹን ደግሞ ጎረቤቶቿ ስለሚናገሩት። መልሷ ይኸው ነበር። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትሁ።

አንዱ ቋንቋ አፉን የፈታበት ሰው የለውም፤ የጥንት ዕውቀት ግን በእርሱ ተጽፎ ይገኛል። ሌላው በአጥር ማዶ ይነገራል። ትምህርት ቤቱ ለዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሁለት በር ከፍቶላታል፤ አንዱ ወደ ትናንት ያስገባል፣ ሌላው ወደ ጎረቤት። በዚህን ጊዜ ነው የተወለድሁበት የመተማ ቆላ ትዝ ያለኝ። የእኛ ላቲን ግዕዝ ነው፤ የእኛ ስፓኒሽ ዓረብኛ ነው። የመተማ ልጅ አንዱን ከቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም፣ ሌላውን ከገበያው ሲሰማ ያድጋል። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን እኔ በተማርሁበት ዘመን ሁለቱም ከበር ይመለሱ ነበር። ከቆላው ልጆች የሚበዙት ዛሬም በዚያው ሁኔታ ውስጥ ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው የቋንቋ ፍቅር ይዞኝ ብቻ አይደለም። ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ የአገር ጉዳይም ነው።

ገበያው ያስተማረው ዓረብኛ

መተማ ዮሐንስን ከገላባት የሚለያት ድንበሩ ብቻ ነው። በዚህ በር ከጎንደር ወደ ስናር የሚወርዱ ነጋዴዎች ለዘመናት ተመላልሰውበታል፤ ቡናው፣ ሰሙ፣ የዝሆን ጥርሱና እጅግ በሚያሳዝን ሁኔታ ሰውም ጭምር የተሸጠበት ገበያ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ቆላው የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ሆነ። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። ከዚያም አልፎ ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች የሚሻገር ነበረ፤ አለም።

የመተማ ልጅ ማንም ሳያስተምረው በዓረብኛ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይቀልዳል። ማንበብ ግን አይችልም። ይህ ልዩነት ትንሽ የሚመስለው ካለ የአጎቴን ልጅ ታሪክ ይስማ።

ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት በቀረበት ዓመት ድንበር ተሻግሮ የሰሊጥ አጨዳ ገባ። አሠሪው በቃል የነገረው ሒሳቡ በቀን እንደሚታሰብ ነው። አውራ ጣቱን ያሳረፈበት የዓረብኛ ወረቀት ግን ክፍያው ማሳው ታጭዶ ሲያልቅ እንደሚፈጸም፣ ያውም የምግብና የመጓጓዣ ወጪ ተቀንሶ እንደሆነ ይናገር ነበር። ወቅቱ ሲያልቅ እጁ ላይ የቀረው ወደ ቤት የሚመልሰው ገንዘብ ብቻ ሆነ። እናቱ በዚያ ደመወዝ ሁለት በሬ ሊገዛላቸው ተስፋ አድርገው ነበር።

ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። እኔ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ ዘመዱ ሁሉ «የተማረው» የሚለኝ። ፊደሉን ከየት ወደ የት እንደሚነበብ ከማወቅ በቀር አንዲት ቃል መለየት አልቻልሁም። ወረቀቱን ያነበቡልን ገበያ ውስጥ ልብስ የሚሰፉ፣ በልጅነታቸው ቁርአን የቀሩ አንድ ሼህ ናቸው። የአጎቴ ልጅ ያን ዕለት ያለኝን አልረሳውም፤ «ስናገር ወንድማቸው ነበርሁ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ዕውር ሆንሁ»።

ከዚያ በኋላ ዓረብኛን በራሴ ጊዜና ገንዘብ ተምሬያለሁ። የዘገየ ትምህርት ግን ለአጎቴ ልጅ በሬ አልገዛለትም።

ሃምሳ አራት ቀን

የመተማን ስም ስንሰማ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛን ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም ከመሐዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት ቆስለው በማግስቱ ዐረፉ። ከዚያች ቀን በኋላ በሃምሳ አራተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም፣ የውጫሌ ውል ተፈረመ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መጠቀም «ይቻላቸዋል» የሚል ትርጉም ሲኖረው፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። የዚያ አንቀጽ ጠብ አድዋ ድረስ ወሰደን።

በሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አገሪቱ ሁለት ዓይነት አደጋ አየች። አንደኛው በጥይት የመጣ ነው፤ ሁለተኛው በግስ። ለጥይቱ ሐውልት አቁመንለታል፣ በየዓመቱም እናስበዋለን። ከግሱ ምን ተማርን? የአጎቴ ልጅ ወረቀት የውጫሌ ውል ታናሽ ወንድም ነው፤ የአፉ ሌላ፣ የጽሑፉ ሌላ።

የሱዳን ድንበራችንም የተወሰነው በወረቀት ነው፤ በ1894 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በአማርኛና በእንግሊዝኛ በፈረሙት ውል። በ2013 ዓ.ም የሱዳን ጦር በአል ፋሽቃ ገበሬዎቻችን ወደሚያርሱት መሬት ሲገባ፣ የማዶው ሕዝብ ክርክሩን በዓረብኛ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ሌት ተቀን ያነብና ይሰማ ነበር። ከድንበሩ ወዲህ ካለው ወጣት ስንቱ ያን አንብቦ የሚባለውን ሊመዝን ይችል ነበር? የሚከስሰንን ሰው ቃል በአስተርጓሚ አፍ ብቻ የምንሰማ ከሆነ፣ መልሳችንም ከወሬ አያልፍም።

እኅትማማቾቹ

«ዓረብኛውስ ይሁን፣ ግዕዝን ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ግዕዝን ያመጣሁት ሁለቱ ቋንቋዎች አንዱ ለሌላው መምህር መሆን ስለሚችሉ ነው።

ቁጥር እንቁጠር። የመተማ ልጅ በገበያ «ኸምሳ»፣ «ሰብዓ»፣ «ዐሽራ» ሲባል ይሰማል። ግዕዙ «ኀምስቱ»፣ «ሰብዐቱ»፣ «ዐሠርቱ» ይላል። ነፍስ በሁለቱም ነፍስ ነው፤ ዐይንም ዐይን። ልሳን ሊሳን፣ ቤት በይት፣ ሕልም ሑልም ይሆናል። ሁለቱም ከሴም ቋንቋዎች ቤተሰብ ናቸውና ሥራቸው አንድ ነው። ከዚህ በላይ የሚገርመው የፊደሉ ነገር ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ አ እና ዐም እንዲሁ። የደጋው ልጅ «ዐሥር» በዓይኑ «ዐ»፣ «ኀምስቱ» በብዙኃኑ «ኀ» እንደሚጻፍ በቃሉ ይሸመድዳል። የመተማ ልጅ ግን በዓረብኛው ልዩነቱን በጆሮው ይሰማዋል። ለሌላው ሕግ የሆነው ለእርሱ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ያለው ተማሪ በአገሪቱ ውስጥ ስንት ቦታ ይገኛል?

መጻሕፍቱም ቢሆኑ ዝምድናቸውን ይመሰክራሉ። ለዘመናት የተዳኘንበት ፍትሐ ነገሥት የግብፅ ክርስቲያኖች በዓረብኛ ካዘጋጁት መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። ስንክሳሩም መነሻው ዓረብኛ ነው። አባቶቻችን ዓረብኛን የሌላ ሃይማኖት ቋንቋ ነው ብለው አልሸሹትም፤ የሚጠቅማቸውን ቀዱበት።

ግዕዝን ራሱን ባዕዳን ከእኛ ቀድመው በዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገብተውታል። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው እ.ኤ.አ በ1661 ነው፤ የጻፈውም በላቲን። እ.ኤ.አ በ1865 የወጣው የዲልማን ታላቅ መዝገበ ቃላትም ግዕዙን የሚፈታው በላቲን ነው። የእኅቴ ልጅ ላቲኗን ከገፋችበት አንድ ቀን የአያቶቿን ቋንቋ በዚያ በኩል ታገኘው ይሆናል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ2017 ግዕዝን ማስተማር ሲጀምር ደስ ብሎን በየድረ ገጹ አሰራጭተናል። የማኅበረ ሥላሴ ገዳም ባለበት ቆላ የሚያድገው ልጅ ግን በግዕዝ የተጻፈ የብራና መጽሐፍ ቢያይ ያለፈ የሚመስለው የአገሩ ታሪክ ሳይሆን የመነኮሳቱ ምሥጢር ነው።

ሦስት መቃወሚያዎች

አንደኛው መቃወሚያ «ተማሪው እንግሊዝኛውንም አልቻለ» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በ2015 ዓ.ም ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ። ነገር ግን ይህ ውጤት የመጣው ቋንቋ በዝቶበት አይደለም፤ ግዕዝም ዓረብኛም ሳይማር ነው የወደቀው። ልጁ በጆሮው የሚያውቀውን ቋንቋ በሥርዓት ሲማር ሰዋስው ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ያ ግንዛቤ ለእንግሊዝኛውም ይተርፋል። እኔ በክፍሌ የማየው ይህንኑ ነው፤ ቅኔ የቈጠሩና ቁርአን የቀሩ ተማሪዎቼ አንድን ዐረፍተ ነገር መበተን አያስቸግራቸውም።

ሁለተኛው መቃወሚያ በጆሮ እንጂ በአደባባይ አይነገርም። ግዕዝ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ዓረብኛ የመስጊድ ነው፤ አንዱን ብታስገባ ሌላው ያኮርፋል ይባላል። እኔም ለዚህ ነው ሁለቱን በአንድነት ያቀረብሁት። በ1900 ዓ.ም የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከፈረንሳይኛ፣ ከእንግሊዝኛና ከኢጣልያንኛ ጋር ዓረብኛንም ግዕዝንም አስተምሯል። ከመቶ ዓመት በፊት ያልተፈራ ነገር ዛሬ የሚያስፈራን ከሆነ ወደ ኋላ የሄድነው እኛ ነን።

ሦስተኛው የበጀትና የመምህር ጥያቄ ነው። ይህ ከባዱ ነው፤ አልሸሸውም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን በጦርነት ውስጥ ገብቶ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ወንበርና ጠመኔ ባጣ ክፍል ስለ ተጨማሪ ቋንቋ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የተዘጋው ትምህርት ቤት ሲከፈት ምን እንደሚያስተምር ማሰብ ያለብን ተዘግቶ ሳለ ነው። ተከፍቶ የጠቀመውን ያህል ነው ወላጅም የሚጠብቀው።

ምን ይደረግ?

የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪ ቢያንስ አንድ የብሔረሰብና አንድ የውጭ ቋንቋ መርጦ እንዲማር የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረው። እኔ በተማርሁበት ትምህርት ቤት ግን ያን ምርጫ ያቀረበልን አልነበረም። በአማራ ክልል ግዕዝን በመደበኛ ትምህርት ቤት ለማስተማር በቅርብ ዓመታት የታየው ጅምር መልካም ነው። ጅምሩ በቆላው ዓረብኛን ይጨምር። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለሚፈልግ ተማሪ፣ በሳምንት ሁለት ሁለት ክፍለ ጊዜ፤ በገንዳ ውሃና በመተማ ዮሐንስ ይጀመር። የትምህርት ዘመኑን ሠላሳ ስድስት ሳምንት ብናደርገው በአራት ዓመት ለእያንዳንዱ ቋንቋ 288 ክፍለ ጊዜ ይደርሳል። በዚህ ሊቅ አይወጣም፤ ውል አንብቦ የሚረዳ፣ የብራና ጽሑፍ ፊት ቆሞ የማይደነግጥ ልጅ ግን ይወጣል። በቆላው የሚኖረው የጉሙዝ ልጅም የራሱን ቋንቋ በትምህርት ቤት የማግኘት መብቱ በዚሁ ሚዛን ይታይለት።

መምህራኑስ? ጎንደር የቅኔና የአቋቋም መምህራን አገር ናት። ለዓረብኛው ደግሞ የመድረሳ ኡስታዞች አሉ፤ ከዓረብ አገር የተመለሱ እኅቶችና ወንድሞች አሉ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በር ከገቡት ስደተኞች መካከል በአገራቸው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ያስተማሩ ይገኛሉ። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች፣ በኋላም በአፍጥጥ፣ ከእነርሱ ጋር በምልክት የተነጋገርን ስንቶች ነን? የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛ የመሥራት መብት በር ከፍቷል። ሱዳናዊው መምህር የመተማን ልጅ ፊደል ቢያስቈጥር፣ እርሱ ክብሩን ያገኛል፤ ልጁ ቋንቋውን። ነገ ሱዳን ሰላም ሆና በሩ ሲከፈት ደግሞ ከማዶ የሚያውቀን ሰው ይኖረናል።

የአጎቴ ልጅ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። የበኩር ልጁ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ሊገባ ነበር፤ መግባት አለመግባቱ በሰላሙ ይወሰናል። አንድ ቀን እርሱም እንደ አባቱ ወደ ማዶ ይሻገር ይሆናል፤ አልፈርድበትም። ምኞቴ ግን ወረቀት ሲቀርብለት አውራ ጣቱን ከማንሣቱ በፊት «ቆይ፣ ላንብበው» እንዲል ነው። ቨርጂኒያ ላለችው ልጃችን የተፈቀደው ለመተማው ልጃችን የማይፈቀድበት ምክንያት እስካሁን አልታየኝም። የታየው ካለ ይንገረኝ።

ቸር ያሰማን።